ከኮዱ በፊት፣ ከኮዱ በኋላ

ድረ ገጽ መሥራት በጥቂት ወራት ይለመዳል። ጠይቆ መረዳት፣ የሰውን ገመና መጠበቅ፣ ሲበላሽ እውነቱን መናገርና ሥራን በወጉ ማስረከብ ግን በየሥልጠናው አይሰጡም።

መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ እንግዳ መቀበያው ላይ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዷ ካርድ የምታወጣው ሠራተኛ ናት። ሌላው ላፕቶፑን ሳይከፍት ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ የተቀመጠ ወጣት ነው። የክሊኒኩ ባለቤት በስልክ ቀጠሮ ማስያዝ ስለሰለቻቸው ድረ ገጽ እንዲሠራላቸው ጠርተውታል። ቢሯቸው ውስጥ የሚወዱትን ቀለም ነግረውታል፤ የሕንፃውን ፎቶ ሰጥተውታል፤ «እንደዚህ ዓይነት ይሁንልኝ» ብለው የሌላ ሆስፒታል ገጽ ከፍተው አሳይተውታል። እሱ አዳምጦ ሲያበቃ «ዶክተር፣ ከፈቀዱልኝ ታች ትንሽ ልቀመጥ» ብሎ ወረደ።

ስልኩ ይጮኻል። «ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ይመችዎታል?» ትላለች ሠራተኛዋ፤ ትልቁ መዝገብ ላይም ስም ታሰፍራለች። ወጣቱም በበኩሉ ይጽፋል። ሰዓቱና ቀኑ የሚነገሩት በእኛ አቆጣጠር ነው። ታካሚው ብዙ ጊዜ ራሱ አይደውልም፤ ልጅ ለእናት፣ እህት ለወንድም ይደውላል። ስለዚህ ስሙ የአንዱ፣ ስልክ ቁጥሩ የሌላው ይሆናል። አንደኛው ሐኪም ሐሙስ ከሰዓት ሌላ ቦታ ስለሚሠራ ከሰባት ሰዓት በኋላ ሰው አይያዝለትም። ይህ የትም አልተጻፈም። ሠራተኛዋ ታውቀዋለች፣ በቃ።

«በፊት ያሠራችሁት ገጽ ነበር አሉ። ለምን ተተወ?» ብሎ ጠየቃት።

ገጹ ሰዓት የሚያሳየው በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት የተያዘላቸው አንዲት እናት ስልካቸው ላይ «3:00» የሚል አንብበው ጠዋት በሦስት ሰዓት መጡ። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛዋ በገጹ ለተመዘገቡት ሁሉ መልሳ እየደወለች «የእኛ ሰዓት ነው ያሉት ወይስ የፈረንጅ?» ማለት ጀመረች። ሥራው እጥፍ ሆነባት። ገጹም ቀስ በቀስ ተረሳ።

በዚያ ገጽ ውስጥ የኮድ ስህተት አልነበረም። ሠሪው እንደተማረው ሠርቶታል። እዚህ ወንበር ላይ ግማሽ ቀን ቢቀመጥ ኖሮ የሚሰማው ነገር ነበር ያመለጠው።

ኮድ ሲረክስ

ድረ ገጽ ሠሪ ምን እንደሚሠራ ብዙ ሰው የሚያውቀው በግማሽ ነው። ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ የሚያመሽ፣ ለሌላው የማይነበብ ነገር የሚጽፍ ሰው ተደርጎ ይታሰባል። ሙያውን የሚማሩትም መጀመሪያ የሚያገኙት ይህንኑ ግማሽ ነው፤ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ከዚያ ሪአክት ወይም ላራቬል። እነዚህን ለማወቅ ዛሬ ገንዘብ እንኳ ግድ አይደለም። ዩቲዩብ ላይ በአማርኛ የሚያስተምሩ ወጣቶች አሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም የድር ፕሮግራሚንግን መሠረት በነፃ ያስተምራል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ጀማሪን ቀናት ይወስድበት የነበረውን ፎርም ማሽን በደቂቃ ይጽፈው ጀመር።

ይህ ብዙ ተማሪዎችን አስጨንቋል፤ ጭንቀታቸውም ከንቱ አይደለም። ቅጥር የሚፈጽሙ ኃላፊዎችን ስታነጋግሩ ግን ቅሬታቸው ሌላ ቦታ ነው። «ኮድ የሚጽፍ አመልካች ቸግሮን አያውቅም» ይላሉ። «የቸገረን፣ ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቆ የሚረዳ፣ የተረዳውን በጽሑፍ የሚያስቀምጥ፣ ቀኑ እንደማይደርስለት ሲያውቅ ቀድሞ የሚናገር ሰው ነው።» መምህራን ደግሞ ጥፋቱን ከፈተናው ላይ ያደርጉታል። ተማሪው የሚመዘነው የታዘዘውን በመሥራቱ ነው፤ ትእዛዙ ራሱ ስህተት እንደሆነ በማስተዋሉ ነጥብ አያገኝም።

እኔ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ይህ ከኮድ ውጭ ያለ ዕውቀት ለእኛ አገር ሠሪ ከሌላው ይልቅ ይከብዳል። የሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች በሙሉ ማለት ይቻላል የተሠሩት ሌላ ስም፣ ሌላ ቀንና ሌላ ፊደል ያለው ሰው ታስቦ ነው። ከዚያ ጋር የማስታረቁ ሥራ የሚወድቀው በእሱ ትከሻ ላይ ነው።

«ትእዛዙ ራሱ ስህተት እንደሆነ በማስተዋሉ ነጥብ አያገኝም።»

ስም፣ ቀን፣ ፊደል

ፎርም ሁሉ በስም ይጀምራል። ከውጭ የተወረሰው ፎርም ሁለት ሳጥን አለው፤ አንዱ ለራስ ስም፣ ሌላው ለቤተሰብ ስም። እኛ ዘንድ ያለው የአባት ስም ነው፤ ከፈለጉም የአያት። ሥርዓቱ ዝርዝሩን በሁለተኛው ሳጥን ተራ ሲደረድረው አበበ ከበደ «ከ» ውስጥ ይገባል። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ «አ» ውስጥ ስትፈልገው ታጣዋለች፤ አዲስ ካርድ ታወጣለች። አንድ ሰው ሁለት የሕክምና ታሪክ ኖረው ማለት ነው። እናትና ልጅን በጋራ የቤተሰብ ስም ያያይዛል ተብሎ የታሰበ ሥርዓትም እኛ ጋ አያገናኛቸውም። «ገ/ማርያም» ብሎ የጻፈ ሰው ደግሞ «ያልተፈቀደ ምልክት» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይመጣበታል። የገዛ ስሙን የተሳሳተ ይመስለዋል፤ በዕድሜ ለገፋ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ዓመታችን 30፣ 30 ቀን ያላቸው 12 ወራትና 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜን አሉት። ድር ማሰሻዎች ራሳቸው የሚያቀርቡት የቀን መምረጫ ግን የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው የሚያውቀው። ጳጉሜን 3 የተወለደች ልጅ የልደት ቀኗን የምትመርጥበት ወር የለም። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ሲያዩ የራሳቸውን ማስሊያ ይጽፋሉ፤ ስሌቱ ዓመቱን ሙሉ ደኅና ሄዶ ጳጉሜን 6 የሆነች ዕለት ይስታል። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ግን ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፎ የሚያሳይ መሣሪያ አብሮ አለ። መመሪያውን አንብቦ ያለውን መጠቀም፣ የሌለውን ብቻ መሥራት ለጀማሪ ከሚጠቅሙ ልማዶች ግንባር ቀደሙ ይመስለኛል፤ እምብዛም የማይታይ ልማድም እሱ ነው።

የፊደሉ ጉዳይ ረጅም ታሪክ አለው። ቀድሞ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደላቱ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም የግእዝ ፊደልን በማካተቱ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ዓለም አቀፍ ቁጥር ተሰጠው። ዛሬ በስልካችን አማርኛ የምንጻጻፈው በዚያ ምክንያት ነው።

ለድረ ገጽ ሠሪው ግን ገና ቀሪ ሥራ አለ። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለአንባቢ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስት የማይገናኙ ቁጥሮች። «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበች ታካሚ «ጸሀይ» ተብላ ስትፈለግ መልሱ «አልተገኘም» ይሆናል። በቂ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ፍለጋው ሲካሄድ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ እንዲመልሳቸው ያደርጋሉ። መዝገቡ ላይ ግን ባለቤቷ የጻፈችው እንዳለ ይቀመጣል፤ ስሟን ማንም አያርምላትም።

ከሁሉ የሚገርመኝ የአጭር መልእክቱ ነገር ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ምልክት የሚይዘው መልእክት በእኛ ፊደል ሲጻፍ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። «ውድና የተከበሩ ደንበኛችን፣ ክሊኒካችንን ስለመረጡ ከልብ እያመሰገንን…» ብሎ የሚጀምር የቀጠሮ ማስታወሻ ሁለት ወይም ሦስት ተብሎ ይቆጠራል፤ ክፍያውም በዚያው ልክ ነው። «ነገ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ አለዎት። ካልተመቸዎት ይደውሉልን።» የሚለው ግን በአንዱ ውስጥ ይገባል፣ ቦታም ይተርፈዋል። ታካሚውም ቶሎ ይረዳዋል። ያን አማርኛ ማን ይጻፈው? የክሊኒኩ ባለቤት ሠሪው ይጽፈዋል ብለው ያስባሉ፤ ሠሪው ደግሞ እርሳቸው ይልኩልኛል ብሎ ይጠብቃል። አጭርና ጥርት ያለ አማርኛ መጻፍ የሚችል ሠሪ እዚህ ላይ ከባልደረቦቹ ይለያል።

በዚሁ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው አለ። ማስታወቂያን በሥዕል መልክ አዘጋጅቶ ገጹ ላይ መለጠፍ ተለምዷል። ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ሥዕል ውስጥ ያለ ጽሑፍን አብዛኛውን ጊዜ አያነብም። ሥዕሉም ስለሚከብድ የሞባይል ዳታ ካርድ እየቆጠረ የሚጠቀመውን ሰው ገንዘብ ይበላል። ጽሑፉን በጽሑፍ ማስቀመጥ ሁለቱንም ይፈታል።

ገንዘቡ ተቆርጧል፣ ገጹ አላወቀም

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ፣ እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ መግቢያዎችም ከመጡ በኋላ በድረ ገጽ መክፈል እየተለመደ መጣ። ኃላፊነቱም ተለወጠ። በጽሑፍ ብቻ የተሠራ ገጽ ሲሳሳት ያሳፍራል፤ ገንዘብ የሚቀበል ገጽ ሲሳሳት ሰውን ይጎዳል።

የሚደጋገመው ታሪክ ይህ ነው። ደንበኛዋ ትከፍላለች፤ ስልኳ «ተቀንሷል» ይላታል። ወደ ገጹ ልትመለስ ስትል ኔትወርክ ይቋረጣል። ገጹ ደግሞ «ክፍያ አልተፈጸመም» ይላል። እንደገና ትከፍላለች። በሙያው የቆዩ ሠሪዎች ክፍያ መፈጸሙን ከደንበኛዋ ስልክ ሰምተው አያምኑም፤ የራሳቸው ሰርቨር በቀጥታ ከክፍያ ድርጅቱ እንዲያረጋግጥ ያደርጋሉ። ለእያንዳንዱ ትእዛዝም የማይደገም ቁጥር ስለሚሰጡት አንድ ግዢ ሁለቴ አይቆጠርም። ይህ የኮዱ ክፍል ነው። ከዚያ ባልተናነሰ የሚያስፈልገው በዚያች ቅጽበት ስልኳ ላይ የምታነበው ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ክፍያዎ እየተጣራ ነው፤ እባክዎ እንደገና አይክፈሉ።» ከሥሩም ሰው የሚያነሳው ስልክ ቁጥር ሊኖር ይገባል።

በሲስተም ላይ የሚደረግ ለውጥ ምን ሊያደርስ እንደሚችል አገሩ ሁሉ አይቷል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሒሳባቸው ላይ ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልደረሰበትና ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳወቀ። ገንዘብ ያወጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንዲመልሱ ሲጠየቁ ሰንብተዋል። እንዲህ ያለው ነገር በታላቅ ተቋም ላይ ከደረሰ፣ አርብ ማታ ለውጥ ለቅቆ ወደ ቤቱ የሚሄድ ብቸኛ ሠሪ ቆም ብሎ ሊያስብበት ይገባል።

214ን ወደ 215

ክሊኒኩ የላቦራቶሪ ውጤት በገጹ ላይ እንዲታይ ይፈልጋል እንበል። ታካሚው ይገባል፣ ውጤቱን ያያል። የገጹ አድራሻ መጨረሻ ላይ 214 የሚል ቁጥር አለ። ጎረምሳ ልጁ በጨዋታ 215 ብሎ ይለውጠዋል፤ የሌላ ሰው ደም ምርመራ ይከፈታል። ይህን ለማድረግ ሰርጎ ገብ መሆን አያስፈልግም። ሰውዬው መግባቱን እንጂ የሚያየው የራሱን መሆኑን ማንም አላረጋገጠም። ኦዋስፕ የተባለው የድር ደኅንነት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የ10 አደገኛ ድክመቶች ዝርዝር አንደኛ ያደረገው እንዲህ ያለውን የፈቃድ ቁጥጥር ጉድለት ነው።

ገጹን በዓይን ብታዩት ምንም አይጎድለውም። ቀለሙ ያምራል፣ ቁልፎቹ ይሠራሉ፣ ባለቤቱም ተደስተው ከፍለዋል። ጉድለቱን የሚያገኘው «ክፉ ሰው ወይም የማወቅ ጉጉት ያለው ልጅ እዚህ ቢገባ ምን ያደርጋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሠሪ ብቻ ነው። ይህ ጥያቄ በየፎርሙና በየገጹ መጠየቅ አለበት።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ የሕግም ጉዳይ ሆኗል፤ የጤና መረጃ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ነው። በተግባር ግን የታካሚዎች ዝርዝር በኤክሴል ተዘጋጅቶ «ለሙከራ ይሁንህ» ተብሎ በቴሌግራም ሲላክ ይታያል። የተቀባዩ ስልክ ቢጠፋ ዝርዝሩም አብሮ በሌላ ሰው እጅ ሊወድቅ ይችላል። እውነተኛ ስም ተቀብሎ ከመሞከር የፈጠራ ስሞችን አዘጋጅቶ መሞከር ይሻላል። የማያስፈልግን መረጃ ገና ከመነሻው አለመጠየቅ ደግሞ ከዚያም ይሻላል። ለጥርስ ቀጠሮ የጋብቻ ሁኔታ ለምን ይጠየቃል?

«ክፉ ሰው ወይም የማወቅ ጉጉት ያለው ልጅ እዚህ ቢገባ ምን ያደርጋል?»

አምስት መጠባበቂያ

ጊትላብ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት አገልግሎት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ምሽት ዳታቤዙ ተጨናነቀ። ዋናውን እየተከተለ የሚገለብጠው ሁለተኛው ሰርቨር ወደ ኋላ ቀረ። አንድ መሐንዲስ የግልባጩን ፋይሎች ደምስሶ እንደ አዲስ ሊጀምር ትእዛዝ ሰጠ፤ ትእዛዙን የጻፈው ግን በዋናው ሰርቨር ላይ ነበር። ወዲያው ነቅቶ አቆመው። ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ያህል ነበር።

መጠባበቂያ ፍለጋ ተገባ። በየዕለቱ ይቀመጣል የተባለው ቅጂ የሚገኝበት ቦታ ባዶ ነበር። ቅጂውን የሚያወጣው ፕሮግራም እትም ከዳታቤዙ እትም ጋር ስላልተጣጣመ ሥራው ሲከሽፍ ቆይቷል፤ መክሸፉን ሊያሳውቁ የተላኩት ኢሜይሎችም አልደረሱም። አምስት ዓይነት መንገድ ነበራቸው፤ በአስተማማኝ የሚሠራ አንድም አልተገኘም። ያዳናቸው ያው መሐንዲስ ከ6 ሰዓታት ቀደም ብሎ ለሌላ ጉዳይ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። አገልግሎቱ ለ18 ሰዓታት ያህል ተቋረጠ፤ በመካከል ባሉት ስድስት ሰዓታት የተጻፈ መረጃም ጠፋ።

ኩባንያው ይህን አልደበቀም። ሠራተኞቹ የሚያደርጉትን ሁሉ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሰነድ ላይ ደቂቃ በደቂቃ ጻፉ፤ ማገገሚያውን በዩቲዩብ በቀጥታ አሳዩ። በኋላም ምን እንደተፈጠረ፣ ለምን እንደተፈጠረና ምን እንደሚለወጥ የሚያብራራ ረጅም ዘገባ አወጡ። ዘገባው አንድን ሰው በመውቀስ አልተጠመደም፤ አንድ ሰው ሲሳሳት ይህን ያህል እንዲጠፋ ያደረገው አሠራር የትኛው ነው በሚለው ላይ አተኮረ። ዛሬም ሙያውን ለሚማር ሰው ከብዙ መጽሐፍ በላይ የሚያስተምር ሰነድ ነው።

እኛ ጋ ሰርቨር ሲወድቅ የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ «ኔትወርክ ነው» የሚል ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። እውነት ባልሆነ ጊዜ ግን ደንበኛው ቀስ ብሎ ያውቀዋል፤ ቀጥሎ የሚነገረውን ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል። «ትናንት ማታ በእኔ በኩል በተደረገ ለውጥ ከምሽቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት የተመዘገቡ ቀጠሮዎች አልተያዙም። የሰዎቹን ስልክ ቁጥር አግኝቻለሁ፤ ዝርዝሩ ከዚህ ጋር ተያይዟል» ብሎ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል፤ ልምምድም ይጠይቃል። መጠባበቂያን ከማስቀመጥ በተጨማሪ በየጊዜው መልሶ ከፍቶ ማየትም እንዲሁ።

ይሉኝታና ቁልፍ

ስለ ዋጋ እንነጋገር፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ ብዙ ወጣቶችን ጎድቷል። የመጀመሪያው ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ፣ የሰፈር ሰው ወይም የሚያመልኩበት ቤተ እምነት ነው። «አንተ ልጅ፣ እኛንም ውል ታስፈርማለህ?» ይባላል። ውል ሳይኖር ሥራው ይጀመራል። ገጹ ሲያልቅ «ይህችን ብቻ ጨምርልኝ» ይመጣል፤ ከዚያ ሌላ «ይህችን»። ወጣቱ እምቢ አይልም፣ ግን ስልክ ማንሳት ይተዋል። ደንበኛውም «ገንዘቤን በልቶ ጠፋ» ይላል። ሁለቱም ቅን ነበሩ። ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ጊዜ እርማት እንደሚደረግ፣ ቅድመ ክፍያው ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚያልቅ የያዘች አንድ ገጽ ወረቀት ዝምድናውንም ታድነው ነበር።

ከውሉ በላይ የሚረሳው ርክክቡ ነው። የድረ ገጹ ስም የተመዘገበው በማን ኢሜይል ነው? ብዙ የንግድ ሰዎች ይህን ቢጠየቁ አያውቁትም። ሠሪው ለጊዜው በራሱ ስም ያስመዘግበዋል፤ ክፋት የለበትም፣ ይፈጥናል። ከዓመት በኋላ ወደ ውጭ ይሄዳል ወይም ያንን ኢሜይል ይተዋል። የእድሳቱ ማሳሰቢያ ማንም ወደማያየው ሳጥን ይላካል። አንድ ጠዋት ገጹ አይከፈትም፤ ስሙንም ሌላ ሰው ሊገዛው ይችላል። የንግድ ካርዱ፣ የመኪናው ላይ ጽሑፍ፣ ደረሰኙ ሁሉ ያንን ስም ይዟል።

በሙያው የተከበሩ ሠሪዎች ስሙን ከመጀመሪያው በደንበኛው ኢሜይልና ስልክ ያስመዘግባሉ። ሲያስረክቡም አንድ ሰነድ ይሰጣሉ፦ ሰርቨሩ የት እንዳለ፣ በየዓመቱ ስንት እንደሚከፈልና በየትኛው ቀን፣ መጠባበቂያው የት እንደሚቀመጥና መጨረሻ መቼ እንደተሞከረ፣ ሌላ ሠሪ ቢመጣ ከየት እንደሚጀምር። ሰነዱ በአማርኛ ይጻፋል፤ የሚያነበው የክሊኒኩ ሒሳብ ሠራተኛ ነውና። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋም ቁጭ ብላ የሐኪሞቹን ሰዓት ራሷ መለወጥ ትለማመዳለች።

አዲስ አበባ ውስጥ ሠሪዎችን የሚቀጥሩ አንድ የቡድን መሪ ለአመልካቾች የኮድ ፈተና ከመስጠታቸው በፊት አንድ ነገር ይጠይቃሉ። «ከሁለት ዓመት በፊት የሠራኸውን ክፈትልኝ።» አብዛኞቹ ሊከፍቱ ሲሞክሩ ገጹ የለም፤ ወይም አለ፣ ከርክክቡ ዕለት ጀምሮ አልተነካም። ከሁሉ የሚያስታውሷት አመልካች በጣም ተራ መልክ ያለው የአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ገጽ ከፍታ ያሳየቻቸው ናት። ከጎኑ የለውጦች ዝርዝር ነበራት፤ ምን እንደተለወጠ፣ ማን እንደጠየቀና ለምን። በሦስተኛው ወር ገበሬዎቹ ገጹን ከመክፈት መደወል እንደሚመርጡ ስላወቀች የምዝገባ ፎርሙን አንስታ ስልክ ቁጥሩን ትልቅ አድርጋ አስቀምጣለች። «የጻፍሽውን ኮድ አውጥተሽ ጣልሽው?» አሏት። «አዎ፣ ማንም አይጠቀምበትም ነበር» አለች። ቀጠሯት።